ጅማ ውስጥ ትልቅ ውሻ ከመግዛታችሁ በፊት ግቢያችሁን የሚያዩላችሁ ሰው

ጅማ ውስጥ ጀርመን ሼፐርድ የሚያረቡ አንድ ጋሼ አሉ። ቡችላ ልግዛ ብላችሁ ስትደውሉላቸው ዋጋ አይነግሯችሁም። መጀመሪያ ቤታችሁ መጥተው ግቢውን፣ አጥሩን፣ የቤቱን ሰውና አዋዋሉን ያያሉ። ከዚያ ወይ "ይሆናል" ይላሉ፣ ወይ "አይሆንም"። አይሆንም ካሉ ብር ብትከምሩላቸውም አይሸጡላችሁም። እኛ ቤት መጥተው አይሆንም አሉ። አክስቴ ቤት ሄደው ይሆናል አሉ። ሁለቱም ቦታ ስለነበርኩ ያየሁትን ልጻፍላችሁ። ስማቸውን እንዳልጠራ ራሳቸው ጠይቀውኛል፤ ለሁሉም የሚደርስ ቡችላ የላቸውም።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ትልቅና እረፍት የሌለው ውሻ ያማራችሁ ሁሉ ይህን ጉብኝት አድርጉ። ክፍያው ትንሽ ነው፣ የባጃጃቸውን ከሸፈነ በኋላ ለእሳቸው ብዙም አይተርፍም። ቡችላ ከወሰዳችሁ ደግሞ ከዋጋው ላይ ይቀነሳል።

የእኛ ቤት ቆጪ ነው። ግቢው ሰፊ ነው። አቮካዶ አለን፣ ጓሮ ቡና አለን፣ ልጆቹ ኳስ ይጫወቱበታል። ማታ ማታ ጅብ ይመላለሳል፣ ስለዚህ ወንድሜ ትልቅ ውሻ ያስፈልገናል ብሎ ቆርጦ ነበር። ጋሼ ከበር ሲገቡ ዙሪያውን አይተው "ቦታማ አለ" አሉ፤ ደስ አለን። ከዚያ ቁጭ ብለው ቡናቸውን እየጠጡ የጠየቁት የመጀመሪያ ጥያቄ ግን ስለ ግቢው አልነበረም።

"ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ማን ነው ይዞት የሚወጣው?"

ተያየን። ወንድሜ በዚያ ሰዓት ሥራ ገብቷል። እኔ ልጆቹን ለትምህርት ቤት አዘጋጃለሁ። እናቴን ጉልበቷን ያማታል። "ማታስ?" አሉ። ማታም ያው ነው።

"ታዲያ ይሄ ሁሉ ሜዳ ምን ያደርግለታል፣ ማዘር?" አሏት እናቴን። "ውሻ ብቻውን ሜዳ ስለሰጡት አይሮጥም። በር ላይ ተኝቶ ሰው ነው የሚጠብቀው።"

እኔን ያሳመነኝ ይሄ ነው። ሁላችንም ትልቅ ውሻ ስንል በአእምሯችን የሚመጣው ትልቅ ግቢ ነው። ጀርመን ሼፐርድ ግን የእረኛ ውሻ ነው። ጀርመን ውስጥ በ1899 ዝርያው መመዝገብ ሲጀምር የተፈለገው ቀኑን ሙሉ መንጋ እየተከተለ፣ የሰውየውን ትእዛዝ እየሰማ የሚውል ውሻ ነበር። ያ ባሕርይ ዛሬም ውስጡ አለ። ወንዱ እስከ 40 ኪሎ ይደርሳል፤ ትከሻው ጋ ሲለካ ከ60 እስከ 65 ሴንቲ ሜትር ነው። በቀን ወደ 2 ሰዓት ያህል መንቀሳቀስ ይፈልጋል፣ በዚያ ላይ አእምሮውን የሚያሠራ ነገር፣ ማለትም ፈልግ፣ አምጣ፣ ቁጭ በል፣ ጠብቅ የሚለው ሰው ይፈልጋል። ይሄን ካላገኘ ራሱ ሥራ ይፈጥራል። ልብስ ከገመድ ላይ ያወርዳል፣ የውሃ ጎማ ያኝካል፣ አጥር ሥር ይቆፍራል፣ ላለፈ ባጃጅ ሁሉ ይጮኻል። ቤተሰቡ ይማረርና በሰንሰለት ያስረዋል። ታስሮ የሚውል ውሻ ደግሞ ቁጡ ይሆናል፣ አንድ ቀን ሲፈታ ደግሞ መጀመሪያ የሚያገኘው ሌባውን አይደለም፤ በር ላይ የሚጫወተውን የጎረቤት ልጅ ነው።

ሌላው ምክንያታቸው በራችን ነው። ሰርቪስ ቤቶቹን አከራይተናል፣ ተከራይ ይገባል ይወጣል፣ እንግዳ ይመጣባቸዋል፣ ማታ በሩን ማን እንደከፈተው አይታወቅም። ውሻው ማንን ይልመድ፣ ማንን ይከልክል? ተከራዮቹን አንድ በአንድ አነጋገሯቸው። አንዷ ውሻ በጣም እንደምትፈራ ለእኛ ነግራን አታውቅም፣ ለእሳቸው ነገረቻቸው።

አክስቴ ፈረንጅ አራዳ ነው ያለችው። ግቢዋ ከእኛ በግማሽ ያንሳል። ግን ልብስ ስፌት ቤቷ ውስጥ ስለምትሠራ ቀኑን ሙሉ ቤት ነች፣ ልጇ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ወደ ጅሬን የሚወጣውን ዳገት ይሮጣል፣ ዝናብም አያስቀረውም። ተከራይ የለም። ጋሼ ልጁን ይዘው ብዙ አወሩት። ስለ ውሻ ከማውራታቸው በፊት ስለ እሱ ነው የጠየቁት፤ ሥራ ካገኘ ይሄዳል ወይ፣ አዲስ አበባ የመግባት ሐሳብ አለው ወይ፣ ካገባ የት ይኖራል። ዝርያው ከ9 እስከ 13 ዓመት ይኖራል። ዛሬ ሁለተኛ ክፍል ያለ ልጅ አስራ ሁለተኛን ሲፈተን ውሻው ገና ቤት ሊኖር ይችላል ማለት ነው። ልጁ ጅማ ነው የምኖረው ካለ በኋላ ነው ወደ አጥሩ የሄዱት። አንድ ማስጠንቀቂያም ሰጡት፦ ቡችላው አጥንቱ እስኪጠነክር፣ አንድ ዓመት ከመንፈቅ እስኪሞላው ድረስ፣ ዳገት አብሮት እንዳይሮጥ። ይህ ዝርያ የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር ያጠቃዋል፣ በልጅነቱ ከደከመ ደግሞ ይብስበታል።

አጥሩን በእጃቸው ነቀነቁት። ቆርቆሮው ከፍታው ይበቃል፣ ወደ ሁለት ሜትር ነው፤ ከ1.8 ሜትር በታች ከሆነ አይቀበሉም። ችግሩ ከሥር ነበር። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ ክረምት አለፈ ሲባል ይመለሳል፣ አፈሩን ከአጥር ሥር እያጠበ ክፍተት ይተዋል። በዚያ ክፍተት ቡችላ ይወጣል፣ ያደገ ውሻ ደግሞ ቆፍሮ ያሰፋዋል። ድንጋይ ተደርድሮ በሲሚንቶ ካልተያዘ ቡችላ አልሰጥም አሉ፣ አክስቴም አሠራች። የውሻ ቤቱም ከመሬት ከፍ ብሎ ወለሉ ጣውላ እንዲሆን ነገሯት። ፀጉሩ ድርብ ነው፣ ውስጡ ከረጠበ ቶሎ አይደርቅም፣ ጭቃ ላይ ተኝቶ የሚያድር ውሻ ቆዳው ይቆስላል። መዥገር ደግሞ እርጥበት ይወዳል፣ ጆሮውንና ጣቶቹ መሃል በየቀኑ ማየት ነው።

ከዚያ ያልጠበቅነውን አደረጉ። አክስቴን ይዘው የጎረቤት በር አንኳኩ። ጎረቤቷ ሐጂ ናቸው፣ ትልቅ ሰው፣ በሯ ላይ እያለፉ ነው ወደ መስጊድ የሚሄዱት። የውሻ ምራቅ ከነካቸው መታጠብ፣ ልብስ መቀየር ይመጣል፤ ይሄን የሚያህል እንስሳ ሮጦ ቢመጣባቸው ሶላታቸውም ሰላማቸውም ይበላሻል። ጋሼ በአክብሮት ነገሩን አስረዷቸው። ሐጂ ደግሞ "ለጥበቃ ውሻ መያዝ ክልክል አይደለም፣ ልጄ፤ እኔ የምለምንሽ በሩ እንዳይከፈት ብቻ ነው" አሏት። ሌሊት ጅብ ሲያልፍ ስለሚጮኸው ጩኸትም አስቀድሞ ተነጋገሩ። ስንቱ ጎረቤት ነው ውሻ ከመጣ በኋላ የሚጣላው? ለእኔ ይሄ ብቻውን የጉብኝቱን ብር ያወጣል።

ምግብ ላይ ብዙ ቆዩ፣ እኔም ብዙ የተማርኩት እዚህ ነው። እኛ አገር ውሻ ትርፍራፊ ይበላል፣ ያ የለመድነው ነው። ግን ወጣችን ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ነው፣ ሁለቱም የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳሉ፤ አንድ ቀን የቀመሰ አይሞትም፣ በየቀኑ ሽሮና ቀይ ወጥ የሚበላ ግን እየደከመ ይሄዳል። ጾም ሲገባ ደግሞ አክስቴ ቤት ሥጋ የለም፤ ለዐቢይ ጾም 55 ቀን ማለት ነው። የውሻው ምግብ ከቤቱ ድስት ተለይቶ፣ ያለ ሽንኩርትና ያለ በርበሬ እንዲሠራ ተስማሙ። ሩዝ ወይም የበቆሎ ገንፎ ከሥጋ ጋር ይሆናል። በቆሎው የሻገተ እንዳይሆን። "ለሰው አይሆንም፣ ለውሻ ይሁን" የምንለው የሻገተ እህል ጉበቱን ይመርዘዋል።

ሳንባና ጉበት ላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነው የተናገሩት። ለፋሲካም ሆነ ለአረፋ በየግቢው ይታረዳል፣ ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ እጢ ሲታይ ተቆርጦ ለውሻ ይወረወራል። ያ እጢ የትል እጭ ነው። ውሻው ጥሬውን ከበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፣ ከዚያ በልጆች እጅ ወደ አፍ ይገባል። ሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ያንኑ የውሃ እጢ ያበቅላል፣ አንዳንዴም በቀዶ ሕክምና ነው የሚወጣው። እጢ ያለበትን ማቃጠል ወይም ውሻ የማይደርስበት ጥልቅ ጉድጓድ መቅበር፣ ደህናውንም በደንብ ቀቅሎ መስጠት፣ የትል መድኃኒቱንም በጊዜው ማስዋጥ ነው። እባካችሁ ይሄን ውሻ ባይኖራችሁም ለጎረቤት ንገሩ።

ጅማ ስለሆንን ቡናም አለ። እኛ ቤት ቡና ስንለቅም ግቢው ላይ ነው የሚሰጣው፣ ወጣት ውሻ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ያኝካል። ፍሬው ውስጥ ያለው ካፌይን ለውሻ መርዝ ነው፤ ልቡ ይመታል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ብዙ ከበላ ይሞታል። ከጀበና የሚደፋው አተላም እንደዚያው። የአቮካዶ ዘር አንጀት ይዘጋል። ሁለቱም ግቢያችን ውስጥ ስላሉ አይሆንም ካስባሉን ምክንያቶች ውስጥ ገብተዋል። አጥሮ መለየት ይቻላል፣ ግን ቀን ቤት ውስጥ ሰው ሳይኖር ማን ይቆጣጠረዋል?

ክትባቱን አጭር አድርገው ነገሯት። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሦስት ወር ሲሞላው፣ ከዚያ በየዓመቱ። ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም፣ ለሰውም ለውሻም። የቡችላ ክትባቶቹ እስኪያልቁ፣ አራት ወር እስኪሞላው ድረስ፣ ባለቤት የሌላቸው ውሾች የሚውሉበት መንገድ ላይ አይወርድም። ዩኒቨርሲቲው የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ስላለው ጅማ በዚህ በኩል ከብዙ ከተማ ይሻላል።

ከእሳቸው በፊት ሌላ ሻጭ ጋ ሄደን ነበር። እሱ ቡችሎቹን ካርቶን ውስጥ ነው ያሳየን፣ እናታቸው የለችም፣ ገና አምስት ሳምንታቸው ነው አለ። ስምንት ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ የተለየ ቡችላ መግዛት የለባችሁም፤ ንክሻውን መቆጣጠር የሚማረው ከእናቱና ከወንድሞቹ ነው። ግቢያችሁ እንዴት ነው ብሎ አልጠየቀንም። ጋሼ ግን እናትየውንም አባትየውንም አውጥተው አስኬዱልን፣ የኋላ እግራቸው አረማመድ እንዲታየን።

የማልወደውንም ልናገር። መጀመሪያ በተቀጣጠርንበት ቀን ዝናብ ዘነበ፣ አልመጡም፣ ስልካቸውም ዝግ ነበር። ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ነው የጠበቅኩት፣ ተናድጃለሁ። በወረቀት የሚሰጡት ነገርም የለም። ያ ሁሉ ምክር በቃል ነው፣ አክስቴ ግማሹን ረስታ ደጋግማ ደውላላቸዋለች። እውነት ለመናገር ሁሌም ያነሳሉ፣ ግን አንድ ገጽ ጽፈው ቢሰጡ ለሁሉም ይቀል ነበር።

ትልቁ ቅሬታዬ ሌላ ነው። የሚያውቁት አንድ ዝርያ ብቻ ነው። አይሆንም ካሉን በኋላ "ታዲያ ለእኛ ምን ይሁን?" ብዬ ጠየቅኳቸው፣ "እሱን ሌላ ሰው ጠይቁ" ብለው ተነሱ። እዚህ ላይ ማቆም አልነበረባቸውም። የእኛን ዓይነት ቤት ለሼፐርድ አይሁን እንጂ ያደገ፣ ረጋ ያለ፣ አየሩን የለመደ የሀበሻ ውሻ ሊይዝ ይችላል፤ ጅቡንም ሰውንም ይጠቁማል፣ የሁለት ሰዓት ሩጫም አይጠይቅም። ይሄን የሚመክር ሰው ጅማ ያስፈልገዋል። ወንድሜ አሁንም ሼፐርዱን ነው የሚፈልገው። የሥራ ፈረቃው ተቀይሮ ጠዋቱ ነፃ ከሆነ መልሰን እንጠራቸዋለን።

ከጠራችኋቸው ቀጠሮውን ቅዳሜ ከሰዓት አድርጉት፣ የቤቱ ሰው ሁሉ ይኑር፣ ልጆችም ተከራይም። የምትኖሩት ኪራይ ቤት ከሆነ አከራያችሁን አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፣ ያለ እሱ ፈቃድ ግቢውን አያዩላችሁም። በዋዜማው ደውላችሁ ቀጠሮውን አስታውሷቸው፣ ከዘነበም ጠዋት ላይ ድጋሚ ደውሉ።