በዓመት የምከፍልበት የድርጅት ኢሜይል፦ ፕሮፎርማ ለሚልክ አይሆንም

ይህን አገልግሎት ዋጋ በኢሜይል ለሚልክ ሰው አልመክርም። ድረ ገጽ ማስቀመጫነቱ ጥሩ ነው፤ ተቋርጦብኝ አያውቅም፣ ክፍያውም አይከብድም። ኢሜይሉ ግን ሥራ አሳጥቶኛል።

ቱሉ ዲምቱ የአልሙኒየም በርና መስኮት እንሠራለን። ደንበኞቻችን በብዛት ኮዬ ፈጬና ገላን አካባቢ የሚገነቡ ኮንትራክተሮች ናቸው። ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስበው በቀኑ ይዘጋሉ፤ የዘገየ አይጠበቅም። በድርጅታችን ስም ኢሜይል የገዛነውም ማህተሙ ላይ ካለው ስም ጋር እንዲገጥምልን ብለን ነው።

የአንድ ሙሉ ሕንፃ መስኮት ዋጋ ልከን መልስ ጠፋ። ስደውል የግዥ ሠራተኛው «እህቴ፣ የእናንተማ አልገባም፤ በመጡት አወዳድረን ጨረስን» አለኝ። እኔ ጋ መላኩን ያሳያል፤ ተመልሶ የመጣ ነገር የለም። ስፓሙን እንዲያይልኝ ለመንኩት። ማህተም ያረፈበት ፒዲኤፋችን እዚያ ተቀምጧል።

ወደ ግል ጂሜይሌ ልኬ የመልእክቱን ዝርዝር መረጃ የሚያሳየውን «ሾው ኦሪጂናል» የሚለውን ከፈትኩ። ኤስፒኤፍ ላይ «ሶፍትፌይል» (የላከው ሰርቨር የተፈቀደለት አይመስልም) ይላል፤ የዲኪም መስመር ጭራሽ የለም። ኤስፒኤፍ በዶሜይናችን (ኢሜይሉ ላይ ከ@ በኋላ ባለው አድራሻ) ስም የትኛው ሰርቨር መላክ እንደሚችል የሚያስታውቅ ሪከርድ ነው። ዲኪም ደግሞ ከመልእክቱ ጋር የሚሄድ ዲጂታል ፊርማ ነው። ጂሜይል ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ማንኛውንም ላኪ ቢያንስ አንዱን ይጠይቃል፤ በቀን 5,000 እና ከዚያ በላይ የሚልክ ደግሞ ሁለቱንም ከነዲማርኩ (ፍተሻውን ያላለፈ መልእክት ምን እንደሚደረግበት ከሚያስታውቀው ሪከርድ ጋር) ማሟላት አለበት። ዲኤንኤስ (የዶሜይኑ መረጃ የሚመዘገብበት ቦታ) ላይ የሚጻፉ ጥቂት መስመሮች ናቸው እኮ! ዶሜይኑንም ኢሜይሉንም የሸጠልን አንድ ድርጅት ስለሆነ፣ አካውንቱን ሲከፍት አብሮ ማስገባት ነበረበት።

ቅሬታ ሳቀርብ ሎጉን (የሰርቨሩን የመላኪያ መዝገብ) ላኩልኝ፦ «250 ኦኬ»። ከእኛ ወጥቷል፣ ጉዳዩ የተቀባዩ ነው አሉ። ይህ ቁጥር የሚለው የተቀባዩ ሰርቨር መልእክቱን መረከቡን ብቻ ነው፤ ኢንቦክስ ይግባ ስፓም አይናገርም። ይህን ኢሜይል የሚሸጥ ሰው ያውቀዋል፤ ለደንበኛ እንዲህ ብሎ መመለስ ተገቢ አይደለም። ሰርቨሩም የጋራ ነው። አብሮን ያለ ሌላ አካውንት ስፓም ከረጨና አይፒው (የሰርቨሩ የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥር) የስፓም ላኪዎች ጥቁር መዝገብ ውስጥ ከገባ፣ የእኛም መልእክት አብሮ ሊታገድ ይችላል። ለብቻው አይፒ ስጠይቅ ባለው ፓኬጅ አይቻልም ተባልኩ።

ሪከርዶቹን በመጨረሻ ሌላ ባለሙያ ከፍለን አስገባን፤ አሁን ሁለቱም «ፓስ» ይላሉ፣ መልስም እያገኘን ነው። ሆኖም ፕሮፎርማ ስንልክ በቴሌግራም እንደግመዋለን፣ ደውለንም ፋይሉ መከፈቱን እንጠይቃለን። ዓመቱ ሲሞላ ድረ ገጹን እዚያው ትቼ ኢሜይሉን ወደ ሌላ አዛውራለሁ። ከእነሱ ለመግዛት የምታስቡ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ኤስፒኤፍና ዲኪሙን ማን እንደሚያስገባ በጽሑፍ አስመልሱ።