ደሴ ላይ ለልጆች የሚሰጠው የካርታ ንባብ ትምህርት፦ ልጄን ልኬ ያየሁትን ልንገራችሁ

ልጄ ሰባተኛ ክፍል ናት። በኅብረተሰብ ፈተና «የካርታ ስኬል ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ ትርጉሙን፣ ካርታ ላይ ያለው ርቀት መሬት ላይ ካለው ጋር ያለው ምጥጥን መሆኑን፣ ቃል በቃል ጽፋ ሙሉ ነጥብ አምጥታለች። ቤት ውስጥ ካርታ ዘርግቼ «ከደሴ እስከ ሐይቅ ከተማ ስንት ኪሎ ሜትር ነው? እስቲ ለኪልኝ» ስላት ግን ማስመሪያዋን ይዛ ቀረች። ስለዚህ ባለፈው ክረምት ከፒያሳ ብዙም የማይርቅ አንድ ማስጠኛ ቤት ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ልጆች የካርታ ንባብ እንደሚያስተምር ስሰማ ወዲያው አስመዘገብኳት። ስድስት ቅዳሜ ነው፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ሰባት። 900 ብር ከፈልኩ፤ ብሬ አልቆጨኝም።

መምህሩ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው። የመጀመሪያውን ቅዳሜ ልጆቹን ክፍል ውስጥ አላስቀመጧቸውም። ግቢው መሀል አንድ ሜትር የሚሆን ዱላ ተከሉና ፀሐይ ብቅ ባለች ቁጥር የጥላው ጫፍ ያረፈበት ላይ ጠጠር እንዲያስቀምጡ አደረጓቸው። ሐምሌ ስለነበር ፀሐይዋን መጠበቅ ራሱ ሥራ ነበር። ወደ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ጥላው አጥሮ አጥሮ ስንዝር እንኳ አልሞላም፤ ያውም ወደ ደቡብ ነው የወደቀው። ልጆቹ ግራ ገባቸው፤ የሰሙት የእኩለ ቀን ጥላ ሰሜንን ያሳያል ሲባል ነው። እሱ ለአውሮፓ ይሠራል። እኛ ግን ያለነው 11 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ነው፤ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ከአናታችን በስተ ሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። እኔም ይህን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

«እንግዲያው ያለ ጥላም ያለ ኮምፓስም ሰሜንን በምን እናውቃለን?» ብለው መምህሩ ሲጠይቁ አንዱ ልጅ «ቲቸር፣ በቂብላ ነዋ!» አለ። እውነቱን ነው፤ ቂብላ ሙስሊሞች ሲሰግዱ የሚዞሩበት የመካ አቅጣጫ ነው። መካና ደሴ ኬንትሮሳቸው አንድ ነው ማለት ይቻላል፣ ሁለቱም ከ39 ዲግሪ ተኩል አለፍ ይላሉ። ከደሴ ሆኖ ወደ መካ የዞረ ሰው ወደ ሰሜን ዞሯል። ሌላዋ ልጅ ቀበል አድርጋ «ቤተ ክርስቲያን ስንጸልይ ደግሞ ወደ ምሥራቅ ነው» አለች። ሁለቱን ይዘው ካርታቸውን አቀኑት። ኮምፓስ የወጣው ከዚህ በኋላ ነው፣ እኔን ደስ ያሰኘኝም ይኸው ነው፤ ልጆቹ በየቀኑ ከሚያውቁት ተነስተው ወደ መሣሪያው ሄዱ።

ሁለተኛው ቅዳሜ የድንች ነበር። ግማሹን ድንች በጠፍጣፋው በኩል አስቀምጠው በቢላ እኩል ውፍረት እንዲኖረው አድርገው እየቆረጡ፣ እያንዳንዱን ቁራጭ ወረቀት ላይ አድርገው ዙሪያውን በእርሳስ ይስላሉ፣ አንዱን በሌላው ውስጥ። ድንቹ ቁልቁል በሆነበት በኩል መስመሮቹ ይጠጋጋሉ፣ ዘመም ባለበት ይራራቃሉ። ኮንቱር ማለት ይኸው ነው፣ ከፍታቸው እኩል የሆኑ ቦታዎችን የሚያገናኝ መስመር። ከዚያ የደሴን 1:50,000 ካርታ ዘረጉላቸው፤ 2 ሴንቲ ሜትሩ መሬት ላይ 1 ኪሎ ሜትር፣ በአንዱ መስመርና በሚቀጥለው መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 20 ሜትር። ልጄ ማታ ቤት መጥታ ጣቷን በስተ ምሥራቅ አዝዋ ገደል ላይ፣ መስመሮቹ እርስ በርስ በተደራረቡበት ቦታ አሳረፈችና «እማ፣ እዚህ ጋ ከረገጥሽ መውደቅ ነው» አለችኝ። በስተ ምዕራብ ጦሳንም አሳየችኝ፣ በየት በኩል ብንወጣው እንደሚቀል ጭምር።

ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን መንገድ በክር የለኩበትም አሪፍ ነበር። ደሴና ኮምቦልቻን በማስመሪያ ቀጥ አድርገው ሲለኩ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆነ። ክሩን በጠመዝማዛው ላይ እያስተኙ ሲለኩት ግን ወደ እጥፉ ተጠጋ። በሚኒባስ ለምን እንደዚያ ጊዜ እንደሚፈጅ አሁን ከእኔ በላይ ታስረዳለች።

አሁን ቅር ያለኝን ልናገር። የሚሰጧቸው ካርታ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ ነው። ዋናው ካርታ ላይ ኮንቱሩ ቡናማ፣ ወንዙ ሰማያዊ፣ መንገዱ ቀይ ሆኖ ሳለ ኮፒው ላይ ሁሉም አንድ ጥቁር ክር ሆኗል። ልጄ የቦርከናን ወንዝ ከኮንቱር መለየት አቅቷት ሁለታችንም አምሽተን በሰማያዊ እርሳስ ተከትለን አቀለምነው። ይህ ለጀማሪ ልጅ ትልቅ እንቅፋት ነው፣ ከልቤ ነው የምላችሁ፤ የከለር ኮፒ ጨምሩና ብር ጠይቁን፣ እንከፍላለን። ኮምፓሱም አራት ብቻ ነው፣ ልጆቹ ደግሞ 26። ተራ ሳይደርሳት የሄደችበት ቀን አለ። አምስተኛው ቅዳሜ በዝናብ ቀርቶ ምትክ አልተሰጠም፤ ቢሮ ሄጄ ስጠይቅ «አብሽሪ፣ እናየዋለን» ተባልኩ፣ እስካሁን አልታየም።

ቢሆንም መምህሩ እኚሁ ከሆኑ ለሚቀጥለው ክረምት ትንሹንም እልከዋለሁ። ልጅ የምትልኩ ከሆነ ድንቹንና ባለቀለም እርሳሱን ከቤት አስይዙ፣ ካርታውን በፌስታል ጠቅልሉላቸው፣ ኮምፓስ ካላችሁም ስጧቸው። ኮምፓሱን ሲያዩ ከብረት በሩና ከስልካቸው ራቅ ብለው እንዲቆሙ ንገሯቸው፣ ቀስቱ ወደ ብረቱ ይሳባል። ለጭቃውም ቦቲ አይርሱ።