ዝግጁ የወርቅ ናኖፓርቲክል ልግዛ ወይስ የወርቅ ጨው?

"ቲቸር፣ ዝግጁውን ልግዛ ወይስ ጨዉን ገዝቼ ልሥራው?" ዘንድሮ ብቻ አምስት የማስተርስ ተማሪዎች ደውለው ይህንኑ ጠይቀውኛል። ናኖፓርቲክል ማለት በዓይን የማይታይ ደቃቅ የወርቅ ቅንጣት ነው፤ የወርቅ ጨው ደግሞ ቅንጣቱ የሚሠራበት፣ ወርቅ ያለበት ኬሚካል። መልሴ ለሁሉም አንድ ነው፦ ጨዉን ግዙ።

መጀመሪያ የተቃጠልኩበትን ልናገር። አምና የካንሰር ሴልን በሙቀት ስለመግደል ነበር የምንሠራው። ያለን ሌዘር ባለ 808 ናኖሜትር ስለሆነ የሚያስፈልገን ናኖሮድ ነው፤ እንደ ዘንግ ረዘም ያለው፣ ያንን ብርሃን ውጦ ወደ ሙቀት የሚቀይረው። ከውጭ ዕቃ በሚያስመጣ ሰው በኩል 25 ሚሊ ሊትር በ31 ሺህ ብር ገዛሁ። ደብረ ብርሃን ሲደርስ ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አስጠግቼ ሳየው ቀይ ነው፣ ጥርት ያለ ቀይ። ድንግጥ አልኩ። የ800 ናኖሜትር ብርሃን የሚውጥ ናኖሮድ እንዲህ አይቀላም። ዩቪ-ቪዝ ላይ (የትኛውን ብርሃን እንደሚውጥ በግራፍ የሚያሳየው መሣሪያ) ስናየው 520 ናኖሜትር አካባቢ አንድ ፒክ (ጉብታ) ብቻ፣ 800 ላይ ምንም የለም። ወረቀቱ ናኖሮድ ይላል፣ ውስጡ ያለው ተራው ክብ ነው። ሴል የሚጎዳው ከ42 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ነው፤ እኛ ሌዘሩን አሥር ደቂቃ ብናበራበት ከባዶ ውሃ የተለየ ሙቀት አላገኘንም። ገንዘቡንም የመለሰልኝ የለም።

አሁን ሂሳቡን እንሥራ። እንዲህ ያለ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ወርቅ ከ1 ሚሊ ግራም ብዙም አይበልጥም፣ የቀረው ውሃ ነው። አንድ ግራም የወርቅ ጨው ግን ግማሹ ወርቅ ነው፣ 500 ሚሊ ግራም። በቅርቡ አንድ ግራም በ38 ሺህ ብር ገዛን። በተለመደው ቅጥነት፣ በ0.25 ሚሊሞላር ብትሠሩት 10 ሊትር ይወጣዋል። ሚሊ ሊትሩ አራት ብር እንኳ አይሞላም፤ ያ የተበላሁበት ጠርሙስ ሚሊ ሊትሩ 1,240 ብር ነበር!

ለኤክስሬይና ለሲቲ ስካን ምስል የምትፈልጉትም ብትሆኑ ያው ነው። ወርቅ የአቶም ቁጥሩ 79፣ ለምስል የተለመደው አዮዲን ግን 53 ስለሆነ ወርቁ ኤክስሬይን በደንብ ያስቀራል። ነገር ግን ሲቲ ስካን ላይ እንዲታይ በሚሊ ሊትር ሚሊ ግራሞች ያስፈልጋሉ። ዝግጁው ጠርሙስ እንዲሁ ቢቀመጥበት ምንም አይታይም። ብዙ ሠርቶ በሴንትሪፊዩጅ (በፍጥነት አሽከርክሮ ቅንጣቱን በሚያዘቅጥ ማሽን) ማጠራቀም ነው ያለው መንገድ።

ሌላው የእኛ አገር ብርድ ነው። ውርጭ በሚወርድበት ወቅት አንዱ ባልደረባዬ ጠርሙሱን መስኮት ሥር አሳድሮት በረዶ ሆነ። ጠዋት ሲቀልጥ ቀዩ ጠፍቶ ጥቁር ሰማያዊ ዝቃጭ ተኝቷል። ያ አይመለስም። ናኖሮድ ውስጥ ነጭ መርፌ መርፌ ነገር ካያችሁ ግን አትጣሉት፤ በብርድ የረጋ ሲታብ ነው (ናኖሮድ ሲሠራ የሚገባ ሳሙና መሰል ኬሚካል)፣ 30 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ስታቆሙት ይሟሟል።

ናኖሮድም ከዚሁ ጨው ይሠራል። ሲታብ፣ ሲልቨር ናይትሬትና አስኮርቢክ አሲድ ይገባበታል። መጀመሪያ ሁለት ሦስቴ ይበላሽባችኋል፣ የሚጠፋው ግን ጥቂት ሚሊ ግራም ነው። ሲታቡን በደንብ እጠቡት፤ ካልታጠበ ራሱ ሴሉን ይገድልና እናንተ ሙቀቱ ገደለው ብላችሁ ትጽፋላችሁ።

ዝግጁውን ግዙ የምለው ፉም ሁድ (መርዛማ ጭስ ወደ ውጭ የሚስብ የላብራቶሪ ሳጥን) ለሌለው ብቻ ነው። የምትሠሩበት የብርጭቆ ዕቃ በአኳ ሬጂያ (ወርቅን ጭምር የሚያሟሟ ኃይለኛ የአሲድ ድብልቅ) ካልታጠበ ሥራው ይበላሻል፣ ያንን ደግሞ ክፍት ክፍል ውስጥ መሥራት አይቻልም። ስትገዙም የዩቪ-ቪዝ ግራፉን ሳታዩ ብር አትላኩ።

ለታመመ ዘመዳቸው የሚደውሉልኝም አሉ። እባካችሁ፣ ይህ ለላብራቶሪ ነው፣ ለሰው አይሰጥም። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው የፕሮስቴት ካንሰር ሕክምና ሙከራ እንኳ 16 ሰዎች ላይ ነው የተሠራው፣ ያውም በሌላ ዓይነት የወርቅ ቅንጣት። ሐኪም ዘንድ ውሰዷቸው፣ ቀን አታባክኑ።

ጨዉ እጃችሁ ሲገባ በብረት ማንኪያ አትንኩት፣ ብረት ይበላል። እርጥበትም ይስባል፣ በክረምት እየከፈታችሁ ብትመዝኑት ሚዛኑ ይዋሻችኋል። ሙሉውን ግራም በአንዴ በተጣራ ውሃ አሟሙትና በቡናማ ጠርሙስ አስቀምጡት። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፤ ክቡን ለመሥራት በሚፈላው የጨው ውሃ ላይ ሲትሬቱን (ጨዉን ወደ ቅንጣት የሚቀይረውን ኬሚካል) ስትጨምሩ ቢጫው ይጠፋል፣ ይጠቁራል፣ ከዚያ ወይን ጠጅ ይሆናል። እዚያ ላይ አታውርዱት፣ ቀዩ እስኪመጣ ጠብቁ።