ለአባዬ መታሰቢያ ያሠራነው የፎቶ መጽሐፍ

አባዬ ጡረታ የወጣ መሐንዲስ ነበር። ረጅም ዕድሜ ኖሮ ሲያርፍ ለልጆቹና ለልጅ ልጆቹ የሚቀር ነገር ፈለግን፣ የመታሰቢያ የፎቶ መጽሐፍም አሠራን። እኔ በመጽሐፉ ሠሪዎች ሥራ ረክቻለሁ።

ከሁሉ የወደድኩት ስካን አደራረጋቸውን ነው። ለተራ ኅትመት 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ ያሉ የነጥቦች ብዛት) ይበቃል፤ እነሱ ግን ትንንሾቹን ፎቶዎች በ600 ነው ያነሷቸው፣ ምክንያቱም ፎቶው በእጥፍ ሲያድግ ጥራቱ የሚጠበቀው እንደዚያ ነው። መዳፍ የማትሞላ አንዲት ጥቁርና ነጭ ፎቶ ገጹን ሞልታ ስትወጣ፣ በሸሚዙ ኪስ የሻጣት ስላይድ ሩል (ተንሸራታች የስሌት ማስመሪያ) ጎልታ ታየች። የመጀመሪያው የኪስ ሳይንሳዊ ካልኩሌተር ለገበያ የቀረበው በ1972 እ.ኤ.አ. ነው፣ አባዬ ሥራ ሲጀምር ግን ስሌቱን ሁሉ የሚሠራው በዚያች ተንሸራታች ማስመሪያ ነበር።

አንድ ነገር ግን አስከፍቶኛል። ከድሮ ሰማያዊ ፕላኖቹ በአንዱ ጠርዝ ላይ የእህቴን እግር በእርሳስ ዞሮ ስሎ፣ ርዝመቱን በሚሊሜትር ጽፎበት ነበር። ጫማ ሊገዛላት ነው! እነሱ ቆሻሻ መስሏቸው በኮምፒውተር አጠፉት። ስንነግራቸው ሳይከራከሩ እንደገና ሠርተው ሰጡን፣ ለዚህ አመሰግናለሁ።

ወረቀቱ ወፍራም ነው፣ ጥራዙም ገጹን ሙሉ በሙሉ ይዘረጋል። የምታሠሩ ካላችሁ ግን በእጅ የተጻፈ ማንኛውም ነገር እንዳይነካ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።