ዱባይ ወይስ ሻርጃ? በ2,500 ድርሃም ደሞዝ

አገር ቤት ያለ ሰው ሁለቱን አንድ ከተማ ያደርጋቸዋል። እውነትም ጎን ለጎን ናቸው፣ ኪስ ላይ ግን ይለያያሉ።

እኔ ሁለቱም ጋ ኖሬያለሁ። ሻርጃ ቤቱ ርካሽ ነው፣ ይሄ አያከራክርም። ዱባይ፣ ዴይራ ሰፈር ውስጥ ለተደራራቢ አልጋ፣ ያውም ለላይኛው፣ 750 ድርሃም ስከፍል ነበር፤ ሻርጃ ግን 500፣ መስኮት ያለው ክፍል። 250 ተረፈ ብዬ ደስ አለኝ።

ደስታው ወር አልሞላም። ሻርጃ ሜትሮ የለም። ስራህ ዱባይ ከሆነ አውቶቡስ ነው፣ የደርሶ መልሱ ዋጋ ከ20 ድርሃም አያንስም፤ በወር 26 ቀን ስትመላለስ ከ500 በላይ ሄደ ማለት ነው፣ ዱባይ ገብተህ የምትይዘው ሜትሮ ሳይቆጠር። ዴይራ ብትሆን ግን በተራው ካርድ የሜትሮ ትልቁ ታሪፍ 7.50 ነው፣ ደርሶ መልስ 15። ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኘው የኢትሃድ መንገድ መጨናነቅ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው! ለ2 ሰዓት ፈረቃ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት እወጣ ነበር።

ዴይራም ችግር አለበት። የአበሻ ምግብ ቤቱ ቅርብ ስለሆነ እጅ አያርፍም። ክትፎ አማረኝ ያልክ ቀን የሳምንት አስቤዛ ሄደ። ሻርጃ እያለሁ ሩዝና ምስር እየቀቀልኩ በደንብ ቆጥቤያለሁ።

ስራህ እዚያው ሻርጃ ከሆነ አታመንታ፣ ሻርጃ ኑር። ዱባይ ከሆነ ግን የላይኛዋን አልጋ ያዝ፣ መሰላሉን ትለምደዋለህ።