ደሴ ላይ የጎሚስታ ዕቃ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ተጠንቀቁ

ንዴቱ ሳይበርድልኝ ልጻፈው። የሱቁን ስም አልጠራም፤ ዓይነቱን ግን ታውቁታላችሁ። ደላላው ከመናኸሪያ ጀምሮ ይቀበላችኋል። በሩ ላይ ቀለሙ የሚያብረቀርቅ ማሽን ተደርድሯል። «ሙሉ የጎሚስታ ዕቃ ከነላቫጆው» የሚል ባነር ተሰቅሏል። ገና ሳትቀመጡ ቡና ይታዘዝላችኋል።

ኮምቦልቻ ላይ ቦታ ተከራይቼ፣ ስሪ ፌዝ (ለትልልቅ ማሽን የሚሆን ባለ ሦስት መስመር መብራት) አስገብቼ ነው የሄድኩት። ሥራው እንዳለ አውቃለሁ። ከጅቡቲ በሚሌ በኩል ወደ ደረቅ ወደቡ የሚገባው ከባድ መኪና ጎማ ያሠራል። ወደ ደሴ የሚወጣው የሐረጎን ዳገት ሳይጀምር ጎማውን ያስነፋል። ጎማው እስኪሠራ መኪናው ይታጠባል። ገንዘቡ የእቁብ ብሬና እህቴ አረብ አገር ሰው ቤት ሠርታ የላከችው ነው። እሷን ሳስብ ነው ደሜ የሚፈላው።

ዋናው ዕቃ ጎማ የሚነፋው የአየር ማሽን፣ ኮምፕሬሰሩ ነው። ሻጩን በግልጽ ነገርኩት። «ለሲኖ ጎማ ነው የምፈልገው፤ 120 ፒ ኤስ አይ መሙላት አለበት» አልኩት። ያ ማለት የአየር ግፊቱን የሚያሳየው ጌጅ ከ8 ባር በላይ መውጣት አለበት።

«ወንድም ዓለም፣ ይሄ እኮ አሥር ፈረስ ጉልበት ነው! ሲኖ ቀርቶ የአውሮፕላን ጎማ ይሞላል» አለኝ።

ጌጁ ቀድሞውኑ 8 ላይ ቆሞ ነበር። ቫልቩን ከፈት ሲያደርገው አየሩ ሱቁን በፉጨት ሞላው። ሞተሩን አስነሳልኝ አልኩት። «ዛሬ መብራት አንዱ ፌዝ ጠፍቷል። ማሽኑ የማይሠራ ቢሆን ይሄ አየር ከየት መጣ?» አለኝ። ከየት እንደመጣ አሁን ገብቶኛል። ከሌላ ኮምፕሬሰር በጎማ ቱቦ ሞልቶ ቫልቩን መዝጋት ብቻ ነው።

ኮምቦልቻ አምጥተን ተከልነው። ባጃጅ ሞላ፣ ቤት መኪና ሞላ። የመጀመሪያው ተሳቢ ሲመጣ ጌጁ 5 ላይ ደርሶ ቀጥ አለ። ከዚያ በላይ ንቅንቅ የለም። ሞተሩ ይጮሃል፣ የተቃጠለ ዘይት ይሸታል፣ ሹፌሩ ሰዓቱን ያያል። ጠብቆ ጠብቆ ጥሎን ሄደ።

ኤሌክትሪሺያን ጠራሁ። ሞተሩ ላይ «10 ፈረስ» የሚል ስቲከር አለ። ልጁ በጥፍሩ ጫፉን አነሳና ላጠው። ከሥሩ የፋብሪካው ሳህን ወጣ፤ 4 ኪሎዋት ይላል። አሥር ፈረስ ማለት 7.5 ኪሎዋት ገደማ ነው። የሸጡልኝ ግማሹን ነው ማለት ነው። ሞተሩም ከዚህ በፊት የውስጥ ሽቦው እንደገና ተጠቅልሏል። ቀጥሎ አየሩ የሚጠራቀምበት ታንከር ሥር ተኛና ቀለሙን በቢላዋ ፋቀ። የብየዳ ጥፍጥፍ! ከአየሩ የሚወጣው ውሃ ታንከሩ ሆድ ውስጥ ይጠራቀምና ከውስጥ ይበላዋል። የተበላውን በብየዳ ደፍነው፣ ቀለም ቀብተው፣ ሰው አጠገቡ ቆሞ ለሚሠራበት ሸጡት። እንዲህ ያለ ታንከር ሲፈነዳ ሰው ይገድላል። ጎማ የሚያነፋው የአክስቴ ልጅ ነው። ብሩን እንኳ ልተወው፣ ይሄን እንዴት ነው የምተወው?

የእጥበት ፓምፑን ነገር አላወራም። በመጀመሪያው ሳምንት ከየመገጣጠሚያው ያፈስ ጀመር።

ስቲከሩን በላስቲክ ይዤ ሱቁ ተመለስኩ። ያ «ወንድም ዓለም» ሲለኝ የነበረ ሰው ከስልኩ ቀና አላለም። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም። ግድግዳው ላይ ተጽፏል፤ ማንበብ ትችላለህ አይደል?» አለኝ። ሠራተኞቹ ሳቁ። አንዱ «ከኮምቦልቻ የሚመጣው ሁሉ ማሽን አቃጥሎ እኛ ላይ ይጮሃል» አለ። ቡና ያፈላችልኝ ልጅ እንኳ ፊቷን አዞረች። ደረሰኙን ሳወጣው ደግሞ ሌላ ጉድ። አጥፈው በፖስታ የሰጡኝ ወረቀት ላይ «ኮምፕሬሰር፣ 1» ብቻ ተጽፏል። የፈረስ ጉልበት የለም። ዋጋውም የከፈልኩት ግማሽ አይሞላም። «ደረሰኙ ላይ ያለውን ነው የምናውቀው» አሉኝ። እንደ ለማኝ ነው ያስወጡኝ።

ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ ግን ሕግ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጉድለቱን አውቆ የደበቀ ሻጭ «ዋስ አልሆንም» በሚል ቃል እንዲያመልጥ አይፈቅድም። ጉድለቱን በጽሑፍ አሳውቄያቸዋለሁ፣ ፎቶውም አለኝ፣ ብሩም በባንክ ነው የተላለፈው። ፍርድ ቤት እንገናኛለን።

እናንተ ከመግዛታችሁ በፊት ታንከሩን ባዶ አስደርጉና ከዜሮ ሲሞላ ቆማችሁ እዩ። መብራት የለም ካሉ መብራት ሲኖር ተመለሱ። ስቲከሩን ትታችሁ የፋብሪካውን ሳህን አንብቡ። በስልካችሁ መብራት የታንከሩን ሆድ እዩ። ደረሰኝ ላይ ኪሎዋቱም የከፈላችሁት ዋጋም ሙሉ በሙሉ ይጻፍ፤ እምቢ ካሉ ብራችሁን ይዛችሁ ውጡ።