ለእንግሊዝ ገጠር ጉዞ፦ አዲሱ ባለ 249 ፓውንድ ወይስ ያገለገለ ጋላክሲ ብስክሌት?

ግንቦት ሲገባ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። «ወንድሜ፣ ያ በብስክሌት ገጠር ለገጠር የምትዞረው ነገር አማረኝ። የቱን ልግዛ?» ከዚያ ሊንክ ይላካል። ሳልከፍተው አውቀዋለሁ። አዲስ ነው፣ ጥቁር ነው፣ ዋጋው 249 ፓውንድ ነው፣ ጎኑ ላይ «ቱሪንግ» (የረጅም ጉዞ) የሚል ተለጥፎበታል።

ያንኑ መልስ መደጋገም ስለሰለቸኝ ይኸው ጻፍኩት። ከወዲሁ ልናገር፣ አድልዎ አለብኝ። እኔ ያገለገለ የዶውዝ ጋላክሲ፣ ማለትም የድሮው የእንግሊዝ የጉዞ ብስክሌት ወገን ነኝ። ወገን የሆንኩት ግን በነፃ አይደለም፤ 333 ፓውንድ አስከፍሎኛል።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። የመጀመሪያውን ብስክሌቴን ከኢንተርኔት በ249 ገዛሁ። በካርቶን ታሽጎ መጣ። አስተካክሎ ለመግጠም አንዱ ጋራዥ 35 ወሰደ። ፔዳሉ በሁለተኛው ሳምንት መንቀጫቀጭ ጀመረ፤ 12 ፓውንድ። ከዚያ ከለንደን ሊቨርፑል ስትሪት ባቡር ይዤ ኖርዊች ወረድኩ። ከኖርዊች እስከ ኤልሻም ማሪየትስ ዌይ የሚባል መንገድ አለ። ድሮ የባቡር ሐዲድ ነበር፣ ዛሬ የእግረኛና የብስክሌት ነው፣ ርዝመቱ 26 ማይል ግድም። የመጀመሪያው ቀን እንደ ማር ነበር። ቆሎዬን እየቆረጠምኩ ኤልሻም ገባሁ።

በማግስቱ እሑድ በጠባቦቹ የገጠር መንገዶች ዞሬ ስመለስ ከኋላዬ «ቋ!» አለ። ሪፋም ልደርስ ትንሽ ሲቀረኝ ነው። የኋላው ጎማ ወደ ጎን አጋድሎ ፍሬሙን ይፍቃል። አክስሉ፣ ማለትም ጎማው የሚዞርበት የመሐል ዘንግ፣ ለሁለት ተሰብሯል። እሑድ ነው፣ ብስክሌት ጠጋኝ ዝግ ነው፣ ዝናብ ጀምሯል። እንደ አገራችን ጥላ ሥር ገንዳ ውኃ አስቀምጦ የሚጠብቅ ጎሚስታ የለም። ሪፋም በአንድ ቅጥር ግቢ ሁለት አብያተ ክርስቲያናት ጎን ለጎን የቆሙባት ትንሽ ከተማ ናት። ብስክሌቱን እየጎተትኩ ደርሼ ደጀ ሰላሙ ላይ ተጠለልኩ። ታክሲ እስከ ኖርዊች ባቡር ጣቢያ 42 ፓውንድ። ለንደን ስመለስ አንዱ ጋራዥ «ይህን ዓይነቱን አንነካም» ብሎ መለሰኝ። ሌላው በ55 አዲስ የኋላ ጎማ ከነቸርኬው ገጠመልኝ። በመጨረሻ በ60 ሸጥኩት። ደምሩት፦ 393 ወጪ፣ 60 ገቢ። 333 ፓውንድ ጠፋ፣ ብስክሌትም የለኝም።

አክስሉ የተሰበረው ዕድሌ ጠሞ አይደለም። በርካሾቹ ላይ የኋላው ማርሽ እንደ ብሎን እየዞረ የሚጠብቅ ዓይነት ነው። በማርሹ በኩል ያለው ኩሽኔታ ከዳር ርቆ ወደ ውስጥ ይቀመጣል። የአክስሉ ጫፍ ደጋፊ ሳይኖረው ይንጠለጠላል። ለብቻችሁ ሱቅ ብትሄዱበት ምንም አይልም። ሁለት ቦርሳ ጭናችሁ ጉድጓድ ሲመታው ግን ይጎብጣል፣ ከዚያ ይሰበራል። ደህናዎቹ ላይ ኩሽኔታው ዳር ድረስ ይወጣል። ሻጩን ይህን ብቻ ጠይቁት። የኋላው ማርሽ 7 ከሆነና ዋጋው ርካሽ ከሆነ ደግሞ ሳትጠይቁም ጠርጥሩ።

አሁን ወደ ጋላክሲ። ዶውዝ የበርሚንግሃም ስም ነው፣ ጋላክሲን ማውጣት የጀመረው በ1971 ነው። ብዙዎቹ የድሮዎቹ የተሠሩት ሬይኖልድስ 531 በሚባለው የብረት ቱቦ ነው። ይህም የበርሚንግሃም ሥራ ነው፣ ከ1935 ጀምሮ የሚታወቅ። ፍሬሙ ላይ የ531 ተለጣፊ ካያችሁ ልባችሁ ትንሽ ይምታ፤ ፊታችሁ ላይ ግን አታሳዩ፣ ዋጋ ይጨምርባችኋል። ከመነሻው የተሠራው ዕቃ ጭኖ ሩቅ ለመሄድ ነው።

የኔን በ180 ገዛሁ። ጎማ ሁለት በ76፣ ሰንሰለትና የኋላ ማርሽ 38፣ የፍሬን ላስቲክ 14፣ ገመድ 10። ጠቅላላ 318። ከጠፋብኝ ገንዘብ በ15 ፓውንድ ያንሳል! ይኸው ስድስተኛ ዓመቱ ነው። ነገ ብሸጠው 180ውን አላጣም።

«በሥራ ቦታ በሚሰጠው የሳይክል ቱ ወርክ ቅናሽ አዲስ ብገዛስ?» የሚሉኝ አሉ። ከ1999 ጀምሮ ያለ ነገር ነው፣ ጥሩ ነው። ብስክሌቱ ከደመወዝ ላይ ግብር ሳይነካው ይቆረጣል። ችግሩ ተቆርጦ የሚቀረው ደመወዝ ከሕጉ ዝቅተኛ ወለል በታች መውረድ አይችልም። መጋዘንና እንክብካቤ ቤት የምንሠራ ብዙዎቻችን ደግሞ እዚያው ወለሉ ላይ ነን። መጀመሪያ ቢሮውን ጠይቁ፣ ከዚያ ሕልም እለሙ።

ያገለገለ ሲገዛ ግን ዓይን ያስፈልጋል። መጀመሪያ የኮርቻውን ዘንግ ፈትታችሁ አሽከርክሩት። ዘንጉ አሉሚኒየም፣ ፍሬሙ ብረት ነው። ዓመታት ካልተነካ ተጣብቆ አንድ አካል ይሆናል። እኔ አንዱን «ይላቀቃል» ብዬ ገዝቼ በመጋዝ መቁረጥ ግድ ሆኖብኛል። ቀጥሎ ቸርኬውን በጣት ዳስሱ። ፍሬኑ የሚይዝበት ቦታ ጎድጎድ ካለ ተበልቷል፣ ከዋጋው 60 ቀንሱ። ከዚያ የጎማውን ልክ አንብቡ። የድሮዎቹ 27 ኢንች ናቸው፣ የኋለኞቹ 700 ይላሉ። ዓይን አይለያቸውም፤ ልዩነቱ 8 ሚሊ ሜትር ነው። የ700ው ጎማ 27 ላይ አይገባም። ይህን ያወቅኩት ጎማ ከገዛሁ በኋላ ነው። 27 ከሆነ አይጣልም፣ የጎማ ምርጫው ግን ጠባብ ነው። በመጨረሻ ከፔዳሉ ሥር ፍሬሙ ላይ ያለውን ቁጥር ባይክ ሬጅስተር በሚባለው የብስክሌት መዝገብ ድረ ገጽ ላይ አስገቡት። የተሰረቀ ብስክሌት በ90 ፓውንድ ቢመጣም ውድ ነው።

ጎማ ላይ አትሰስቱ። እንግሊዝ ገጠር ጠላታችሁ መኪና አይደለም፣ እሾህ ነው። ጸጥ ያሉት መንገዶች ግራና ቀኝ በቁጥቋጦ አጥር የታጠሩ ናቸው። ወፎች የሚፈለፍሉበት ወቅት ስለሆነ ከማርች 1 እስከ ኦገስት 31 ገበሬው አጥሩን መከርከም በሕግ አይፈቀድለትም። በእንቁጣጣሽ ሰሞን የመከርከሚያ ትራክተሮች ይወጣሉ፣ እሾሁም አስፋልቱ ላይ ይረግፋል። ኖርዊች ባለችበት በኖርፎክ ደግሞ ስለታም ድንጋይ አለ፤ ዝናብ ሲዘንብ ከእርሻው ታጥቦ ይመጣል። በርካሹ ብስክሌት ጎማ በአንድ ከሰዓት ሦስቴ ለጥፌያለሁ። ሽዋልበ ማራቶን ፕላስ የሚባለው ጎማ ከገባ ወዲህ በስድስት ዓመት ሁለቴ ብቻ። ከውስጡ 5 ሚሊ ሜትር የሚወፍር መከላከያ አለው። ከባድ ነው፣ ለመግጠምም ግትር ነው፤ ሁለት የፕላስቲክ መፈልቀቂያ ሰብሮብኛል። ቢሆንም ደግሜ እገዛዋለሁ።

ቦርሳስ? ኦርትሊብ የጀርመን ነው፣ ጥንዱ ከመቶ ፓውንድ በላይ ነው፣ ሰው ይሰቀጥጠዋል። ቁርጥ እሱን የሚመስል ፎርጅድ በ32 አገኘሁ። «ውኃ አያስገባም» ይላል። እውነት ነው፣ ለሁለት ዝናብ አላስገባም። በሦስተኛው ማጣበቂያው ተላቀቀ፣ በሶዬ ገንፎ ሆነ። ከዚያ አንዱ መንጠቆ ቁልቁለት ላይ ተሰብሮ ቦርሳው የጎማው ሽቦ ውስጥ ሊገባ ለጥቂት ተረፍኩ። የኦርትሊብ መንጠቆ ቢሰበር መንጠቆው ለብቻው ይሸጣል። ዋጋውን የከፈልኩት ለዚያ ነው። ገንዘቡ ከሌላችሁ ደግሞ ፎርጅዱን ተዉትና ተራ የጨርቅ ቦርሳ ግዙ፤ ልብሱን በፌስታል ጠቅልላችሁ ክተቱ። እንዲያውም የተሻለ ነው።

ብሮምፕተን የሚባለውን ታጣፊ ብስክሌት የሚሉም አሉ። ባቡር ላይ ታጥፎ ሲገባ ያስቀናል። ጋላክሲ የያዘ ሰው በብዙ የረጅም ርቀት ባቡሮች ቦታ አስቀድሞ ማስያዝ አለበት፤ ክፍያ ባይኖረውም ውጣ ውረድ ነው። ግን ብሮምፕተን አዲሱ ሺህ ፓውንድ ግድም ይጀምራል፣ ጎማውም ትንሽ ስለሆነ የመንደር ሱቅ አይዘውም። ለከተማ ሰው ይሁን። የኤሌክትሪክ ብስክሌትን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፦ ስሙ የማይታወቅ ባትሪ ገዝታችሁ ቤት ውስጥ ቻርጅ አታድርጉ።

ሰሞኑን ሊንክ የላከልኝ ጓደኛዬ ምክሬን ሰምቷል መሰለኝ። ሬዲንግ ላይ አረንጓዴ ጋላክሲ በ210 አግኝቷል። ሻጩ «ሁሉም ደህና ነው» ብሏል፣ ፎቶው ላይ ግን ኮርቻው በጣም ዝቅ ብሎ ነው የሚታየው። ቅዳሜ አብረን እንሄዳለን። መፍቻዬን ይዣለሁ። ዘንጉ ካልዞረ 210 አይደለም፣ 80ም አንከፍልም።